ደንብ ቁጥር አራት

ብርኖ ላይ፣ በዝናብ፣ ከትራም ጣቢያው ጀርባ፣
አሥራ ሦስት ሆነን ጠባብ ክፍል ስንገባ፣
መስኮቱ አልዘጋ ብሎ፣ ጠብታ ነፋስ ይዞ፤
ኦታካር ተቀምጧል ክንዱን አጥፎ፣ ተክዞ።

አጀንዳው አንድ ነው፦
ጥቅል ሲገነባ፣ ማን አይቶ ነው የሚያምነው?

ኢልማሪ ተነሣ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፦
«ከኢንተርኔት ተቆርጦ፣ ባዶ ቤት ገብቶ
ያልተገነባ ጥቅል በደጃችን አይለፍ፤
ሁለት ማሽን፣ ከአንድ ምንጭ፣ አንድ ዓይነት ፋይል ይጻፍ።
ባይት በባይት ካልገጠመ...»

«ካልገጠመስ?» አለች ዝዴንካ፣ እስክሪብቶ እያኘከች፤
«አራት መቶ ጥቅል፣ ስድስት ሰው» ብላ አካፈለች።

ኦታካር ጉሮሮውን ጠረገ።
«ይህን የማተሚያ ጥቅል፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
በዚህች ስክሪፕት ነው ያቆምኩት፣ ያለ እረፍት።
አንድ ሰው አልከሰሰኝ። ዛሬ ምን ታያችሁ?
እጄን አገላብጦ ማየት አማራችሁ?»

«እጅህን አይደለም» አለ ኢልማሪ ቶሎ፣
«አንተ የታመምክ ቀን፣ ማሽንህ ተቃጥሎ፣
ማን ይሠራዋል ነው።»
ዝም አልን። ትራም አለፈ፣ ብረት ተንከባሎ።

(ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል የኛ ሰው፤
ሁለቱ ሲለያዩስ? ለዚያ ተረት የለው።)

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ፣ ጥግ ላይ፤
ግን አፌን በላኝ ማታ ያየሁት ጉዳይ።
የኦታካር ጥቅል፣ ያ የተከበረው ጥቅል፣
ስገነባው በእኔ ማሽን ከእሱ ጋር ይጣላል።
ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
አገኘኋት ተደብቃ፦ የግንባታዋን ዕለት።
የእሱ ማሽን የጻፈው፦ ሴፕቴምበር ስምንት።
የእኔ፦ ጳጉሜን ሦስት።
ስክሪፕቱ ወር ሲቆጥር አሥራ ሁለት ላይ ደርሶ፣
አሥራ ሦስተኛ ሲባል ባዶ ጣለ መልሶ።

ተነሥቼ ነገርኳቸው፦ ባገሬ አቆጣጠር
አምስት ቀን ብቻ ያላት ጥንጥ የምታህል ወር
አለች፤ አንዳንዴ ስድስት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ወር ጎደለኝ?»
አለና ኦታካር፣ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።
ሳቀ። እኔም።

ደንብ ቁጥር አራት በዚያች ሰዓት ተጻፈ፦
«በጥቅል ውስጥ ቀን አይግባ።» በሰባት ድምፅ አለፈ።
ኦታካር ከስድስቱ ነው። ስንበታተን ግን
ኮምፒውተሩን ከፍቶ አረማት ያችን መስመሩን፣
ካፖርቱን ሳይለብስ፣ ቆሞ።

ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ከአናቱ «ቀን» ይላል፤
ቀን የሚከለክል ደንብ በየትኛው ቀን ይጸድቃል?
ዝዴንካ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ አየች፤
«ሁለቱንም ጻፊ፤ ወረቀት ነው፣ አይገነባም» አለች።