ከመጨረሻው ፌርማታ በላይ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከኋላው በር ጥግ፣
ቲኬት ስቆርጥ ኖርሁ፣ ሳንቲም ስፈላልግ።
"ጠጋ በሉ!" ስል፣ "ገና ነው መሐሉ!"
(መሐል ባዶ አልነበር፤ ሰዎቹም ያውቃሉ።)
ከመርካቶ ተነሥቶ፣ በሜክሲኮ ዞሮ፣
ጀሞን ወዲያ ጥሎ፣ ጭቃውን ተሻግሮ፣
ፉሪ ተራራ ሥር ሲያቆም አውቶቡሱ፣
"መጨረሻ!" ስላቸው፣ በየበሩ ሲፈሱ፣
እኔ ሒሳብ ስዘጋ፣ ጉርድ ስደምር፣
ተራራው ከላይ ነው። አላየሁት ነበር።
ማየትስ አይቻለሁ — እንደ ሰው ግድግዳ፣
እንደማይጠየቅ፣ እንደ ቆየ ዕዳ።

ሾፌሬ ግን ያያል። ጣሰው፣ የአሰቡ ሰው፣
ባሕር ድረስ ነድቶ ጨው ፊቱን የላሰው፣
ቆቡን ገፋ አድርጎ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ፣
ሽቅብ ያማትራል ሞተሩን አጥፍቶ።
"አንድ እሁድ" ይለኛል፣ "እንወጣዋለን፣
ለምሳችን ዳቦ፣ ሙዝ ነገር ይዘን።"
እሁድ ግን ፈረቃ፣ እሁድ ግን ለቅሶ አለ፣
የዕድር ስብሰባ፤ እሁድ እንዲህ ዋለ።
ጣሰው ጡረታ ወጣ፤ ኮዬ ፈጬ ገባ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ይተክላል አበባ።

እኔም ወጣሁ ዘንድሮ።
የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ጭብጨባ ተጨምሮ።
በመጀመሪያው እሁድ፣ ማንቂያው ሳይደውል፣
ነቃሁ በአሥራ አንድ፤ እግር ልማድ አይጥል።
ዳቦ በፌስታል ቋጥሬ፣ ሁለት ሙዝ አክዬ፣
ተሰለፍሁ ከሰው ጋር፣ እንደ ሰው ከፍዬ።
ቆራጯ አዲስ ናት፤ አላወቀችኝም፤
"አባባ፣ የት ድረስ?" እኔም አልነገርኋትም።
"መጨረሻ" አልኋት።
ቃሉ በአፌ ውስጥ ሌላ ቃል መሰለኝ።

ዶሮ አለች፣ ከወንበር ሥር፣ እግሯን የታሰረች፤
አንዲት ተማሪ ደብተሯ ላይ ተኝታለች።
ሰው ፊት አለው ለካ፣ ቁጭ ብለው ሲያዩት፤
እኔ የማውቀው እጅ ነው፣ ሳንቲም የያዘበት።

ከጎሚስታው ኋላ መንገዱ ይጠባል፣
ኮብልስቶን ያልቅና ጥቁር አፈር ይተካል፤
ከዚያ ጤፍ ነው፣ ጎን ለጎን ሽምብራ፣
ከዚያ የድንጋይ ካባ፣ መዶሻ ሲያወራ።
አንድ ሸምገል ያለ ሰው፣ አቧራ የለበሰ፣
መዶሻውን ይዞ ወደኔ ተመለሰ፦
"አንተን አውቅሃለሁ፤ ቆራጩ አይደለህ?
ለሃምሳ ሳንቲም እኔን ዝናብ ላይ የጣልህ?"
ምን ልበል? ስንቱን አወረድሁ። ፊት አልቀረኝም።
የዚያን ዕለት ሒሳብ ግን፣ እምላለሁ፣ አልጎደለም።

ሳቀ ዋቅጅራ። መዶሻውን ሽቅብ ቀስሮ፣
"ግራውን ያዝ፤ ቀኙ ገደል ነው" አለኝ ዞሮ።
ጥቂት ራቅ ስል ግን፣ ድምፁ ከኋላዬ፦
"ቲኬት ቆርጠሃል ወይ?"
እጄ ኪሴ ገብቷል፣ ቀድሞኝ፣ ያለ ፈቃዴ።

ጉልበቴ ይቆጥራል። በየመቶ እርምጃው
"ወራጅ አለ" ይለኛል፤ እኔ ነኝ የማልቆመው።
ጽድ ሥር አረፍሁ። አንዱን ሙዝ በላሁ። ደግሞ
ቀና ስል ሌላ ጫፍ፣ ከጫፉ ላይ ቆሞ።

አንቴናው ጋ ደረስሁ። ነፋስ ሽቦ ያፏጫል።
ከተማው ከታች ነው፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል።
"ባሕር" ይል ነበር ጣሰው፣ "ይነሣል፣ ይተኛል"፤
ይህኛው መነሣት ነው፤ ፎቅ በፎቅ ይጨምራል።
ከግርጌ ቀይና ቢጫ፣ ክብሪት ቀፎ የሚያህል፣
አውቶቡሱ ይዞራል፤ ያ ሰው ሁሉ ጤፍ ያህል።
"መጨረሻ!" እያለች ይሆናል ያቺ ልጅ፤
አይሰማም ከዚህ ላይ፤ ይሰማኛል እንጂ።

ስልኬን አወጣሁና ደወልሁ ለጣሰው።
(አንቴና ሥር ቆሜም ይቆራረጣል፤ ያለ ነው።)
"የት ነህ?" አለኝ።
"መጨረሻ ላይ" አልሁት።
ዝም አለ። ነፋሱን ሰማው መሰለኝ።
"እስካሁን አልወረድህም?"
"ወጣሁ እንጂ።"
"የቱን?"
"ያንን እሁድ።"

ሳል ሰማሁ፣ ወንበር ሲጎተት፣ በር ሲዘጋ።
ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፦ "ሙዝ ይዘህ ነበር?"
"ሁለት" አልሁት። "አንዱ አለ።"