ሆድና ጀርባ

ከዳር ነው የሚጀመረው፤
ጫፍ ጫፉን ይዞ ነው መርፌ፣ ወደ መሀል የሚሻገረው።
ካዋንዲ እንለዋለን፤
ድሪቶ ቢሉት አንከፋም፤ ቡትቶ ሲሉት ግን እንከፋለን።
ሆድ አለው ካዋንዲ፣ ጀርባም አለው እንደ ሰው፤
ጀርባው አሮጌ ሳሪ ነው፤ ሆዱ ሩዝ ነው የሚቀምሰው።
ፉላ፣ አበባ ማለት ነው፣ በአራቱ ማዕዘን ካልተሰካ፣
እርቃኑን ነው ይባላል፤ የሕፃን ገላ አይነካ።

እኔና አማቴ ባሻቢ፣ ሆድና ጀርባ ሆነን፣
ሦስት ክረምት ከረምን፣ በአንድ ምድጃ ጭስ ታፍነን።
«ጨው አልቋል» ትላለች፣ ወደ ድመቷ ዞራ፤
«ሄጄ እገዛለሁ» እላለሁ፣ ከግድግዳው ጋር ሳወራ።

የጠባችን ሥር ሸሚዝ ነው፤
ሰማያዊ፣ ባለ ሰረዝ፣ ሁለት ቁልፍ የጎደለው።
ቃሲም፣ የእሷ ልጅ፣ የእኔ ባል፣
በሰው ማሳ፣ አሬካ ዘንባባ ጫፍ፣ ፍሬ ሊቆርጥ ወጥቶ ወድቋል፤
ሸሚዙ ግን እቤት፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ተርፏል።

«ልጠበው» አልኩ። «ላቡን?» አለች፤
«ሽታውን ልታጥቢብኝ?» ብላ እጅጌውን ያዘች።
እኔም ኮሌታውን አልለቅም፤
ጨርቅ የሁለት ሰው ሐዘን፣ ሲጎትተው አይዘልቅም።
ተተረተረ።
ግማሹ በእሷ ሳጥን፣ ግማሹ በእኔ ትራስ አደረ።

ዘንድሮ የልጄ የዘይቡን፣ አባቷ ያላየው ሆዷ፣ ወሩ ደረሰ፤
ዝናቡም በባሕሩ በኩል፣ ደመናውን ጭኖ ገሰገሰ።
ለሚመጣው ልጅ መኝታ የለም፤
ካዋንዲ ሳይነጠፍለት ደግሞ፣ ማንም አይገባም ወደ እኛ ዓለም።
ሳሪው የእሷ ነበር፣ የሠርጓ፣ ቀዩ የነጣ፤
እራፊው የእኔ፣ በጆንያ የታጨቀ፣ ከየልብሱ የወጣ።
ምንም አላለችኝ፤ ሳሪውን ወለሉ ላይ ዘረጋች፤
በግራው ዳር ተቀምጣ፣ ክሯን በምራቅ አሹላ፣ መርፌዋን ወጋች።
እኔ በቀኙ ዳር።
ጀርባ እንዳንሰጣጣ፣ ጨርቁ አልፈቀደም ነበር።

ከጆንያው ትመዛለች፤ አንድ ባንድ ትዳብሳለች፤
ዐይኗ ደክሟል፤ ጨርቅን ግን እንደ ልጅ ፊት ታውቃለች፦
የዘይቡን የተማሪ ቀሚስ፣ ከነቀለም ጠብታው፤
በጎርፉ ዓመት የታደልነው የዱቄት ከረጢት፣ ከነመጋዘን ሽታው፤
የባለ ማሳው ሚስት መጋረጃ፣ አርጅቷል ተብሎ የተጣለ፣
እዚህ ሲደርስ ግን አበባው፣ እንደገና የበቀለ።

መርፌ ድምፅ አለው፤ ጭር ባለ ቤት ያስታውቃል፤
የእሷ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ የእኔ ደግሞ ያንቀላፋል።
ስምንት ቀን፣
እንደ ሁለት ምስጥ፣
የአንድን ግንድ ልብ ስንሻ፣ ሳንነጋገር ተቃረብን።

በዘጠነኛው፣ መሀሉ ስንዝር ሲቀረው፣
ከጉያዋ ሰማያዊ አወጣች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ማን ይናገረው?
ሰፋችው በዳሯ ወገን።
እኔም ከትራሴ ውስጥ አወጣሁ የእኔን።
ሰረዝ ከሰረዝ ገጠመ፤
የእኔ ታጥቦ ገርጥቷል፤ የእሷ ላብ አዝሎ፣ እንዳለ ከረመ።

መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ቀረች።
ሆዱ።
ባሻቢ ቀና አለች።
ድመቷን አይደለም፤ ግድግዳውን አይደለም፤ እኔን።
«መህታብ፣ ሩዝ አምጪ» አለች፤ ጠራችው ስሜን።

ሦስት ክረምት ያጠናሁት፣ ስንት ንግግር ነበረኝ፤
ሁሉም ጠፋና፣ «ስንት ፍሬ?» ብቻ ቀረኝ።
«ሆድ አይደል እንዴ? በቁጥር ይጠግባል?» አለች። እፍኝ አመጣሁ።
ዘጋነው፣ በሁለት መርፌ፤
የማን ጣት እንደተወጋ እንጃ፣
አንዲት ነጥብ ደም ቀርታለች፣ በመጨረሻው እራፌ።

አራቱን ፉላ በማግስቱ ሰፋን፤
ስለ ቃሲም ለማውራት ግን፣ እስካሁን ድረስ ሰነፍን።

ልጁ በሰባተኛ ቀኑ፣ ሰማያዊው ላይ ተኛ፤
ወዲያው ሽንቱን ለቀቀው፣ ያለ ሐፍረት፣ እንደ ዳኛ።
ባሻቢ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤
ጥርስ በሌለው ድዷ፣ የሦስት ክረምቱን አሟጣ ሳቀች።
«አሁን» አለች፣ «ልታጥቢው ትችያለሽ፤
ቀስ ብለሽ ግን፤ ሩዙ እንዳይበቅል ታያለሽ።»