ተከታይ

«ዋና አመልካች» ይላል የፎርሙ ቁጥር ሦስት፤
ባንቺአምላክ ብለን ሞላን፣ በያጇ፣ የኔ ሚስት።
ከሥሯ በቀጭኑ፣ ከልጃችን በላይ፣
እኔም ተጻፍሁበት፦ ሙሉሰው፣ ተከታይ።

አሥራ ሰባት ዓመት ጀልባ ስነዳ፣
ዘጌ ስመላለስ ከሰውና ከዕዳ፣
ፊት ነበር ወንበሬ፣ መሪው በእጄ ነበር፤
የሚከተል ሰው ነው ከኋላ ሚደረደር።

መጀመሪያ ያየኋት ሐምሌ ነው፣ በክረምት፣
የጀልባዬን ሆድ ዕቃ ድንጋይ የቀደደው ዕለት።
«በያጅ ጥሩልኝ» ብዬ ወደ ሽምብጥ ብልክ
ቱታ ያጠለቀ ሰው መጣ በጭምብል መልክ፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሥሯ ተኝቶ፣
ሰማያዊ መብረቅ በሆዷ ላይ ዘርቶ፣
ጭምብሉን ሲገልጠው ሹሩባ ነው፣ የሴት፣
በግንባሯ ላብ አለ፣ በአፍንጫዋ ጥላሸት።
ዋጋ ልከራከር ከፍቼው ነበር አፌን፤
የጠራችውን ሰጠሁ፣ ጨመርሁ ትርፌን።

«ሴት የበየደው» አሉ «መስከረምን አያይም»፤
ዐሥራ አንድ ክረምት ሆነው፣ ጠብታ አይታይም።

ልጁን «አንለይ» ያሉት አባቷ ናቸው፣
ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ፣ ደንገል ነው እንጀራቸው።
ፎርሙ ለአያት ብሎ አንድ መስመር የለው፤
አንለይ ያሉት ሰው ሊለዩ ነው፣ ይኸው።
«እኔ በሣር አሰርሁ፣ እሷ በእሳት አሰረች፤
ቋጠሮዋ ከጠና የት ብትሄድ ምን ራቀች?»
አሉና ፊታቸውን ወደ እምቦጩ መለሱ፤
እኔም አልጠየቅሁ በኩታ ምን እንዳበሱ።

ሃሊፋክስ ይባላል፣ ሥራ የጠራት አገር፤
መርከብ ይበየድበታል፣ ከትልቁ ውኃ ድንበር።
ካርታውን ዘርግቼ ብቻዬን ስቄ ነበር፦
ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ መድረሻችን ባሕር ዳር።
ያኛው ግን ጨው ነው አሉ፣ አፍ ላይ አይቀመስም፤
ጉማሬ የለበትም፣ ደሴቱ አይቀደስም።

ፈተናውን ስታጠና መብራት ይጠፋ ነበር፤
ስልኬን ይዤ አበራለሁ፣ ቃል በቃል እሷ ስትቆጥር።
«ኦቨርሄድ፣ ቨርቲካል» ትላለች በለሆሳስ፤
አንለይ ያርማታል፣ አንሶላው ውስጥ ሆኖ፣ ሲስቅ እስኪያስነጥስ።

«እዚያስ አንተ ምን ልትሠራ ነው?» ይሉኛል ጓደኞቼ።
«ልጅ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ድስት እጥዳለሁ ተነሥቼ።»
ይስቃሉ። እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን፣ ዝም፤
ወንድነት እንደ ዝገት ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅም።

ሻንጣው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም ተብሏል፤
ቁም ሣጥኑን እቴ ብርቄ፣ አልጋውን ተከራይ ወስዷል።
ያቺን አሮጌ ጭምብሏን በፎጣ ጠቅልላ ከተተች፤
«እዚያ አዲስ ይሰጡሻል» ብላት «ፊቴን ታውቃለች» አለች።
አንለይ ከሐይቁ ዳር ጠጠር ለቅሞ ደብቆ ኖሮ
ሚዛኑ ላይ አገኘሁት። አየኝ፣ ከንፈሩን ቋጥሮ።
መልሼ ከተትሁለት፤
የራሴን አንድ ጥንድ ጫማ ለጠጠሩ ስል ተውሁት።

ለቲኬቱ ጎደለንና ትናንት ጀልባዋን ሸጥኋት፤
ማታ ተመልሼ ሄጄ በእጄ ሆዷን ዳበስኋት።
ጨለማው ውስጥ አገኘሁት፣ የዚያን የሐምሌ ስፌት፣
እንደ ጠባሳ ሸካራ፣
ሦስቴ ቀለም ያለፈበት፣ ያልጠፋ ምልክት።
«ጥሩ ከተበየደ» ትላለች «ቢሰበር እንኳ
በጎኑ ነው እንጂ ብረቱ፣ ስፌቱን አይነካ።»

ዛሬ ጠዋት፣ ሻንጣ ስናስር፣ ስልኬ ጮኸ። ገዢው ነው፣ የጎርጎራው ልጅ፦
«ጌታው፣ ጀልባዋ ወደ ግራ ትስባለች፤ ምን ላድርጋት?»
አመሏ ነው፣ ተዋት አልሁት።
መሪውን ላላ አድርገህ ያዘው፤
መንገዱን እሷ ታውቃለች፣ አንተ ተከተላት።