በሸለምጥማጥ ስም

በሸለምጥማጥ ስም ነው ወጥመዱን ያጠመድኩ፤
ሁለት ዶሮ አጥቼ፣ ሦስተኛዋ ላባ ብቻ ስትሆን፣ በቃኝ ብዬ ማልኩ።
ከሰኞ ገበያ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ተራ፣
ምላሱን ሲረግጡት በሩ ግው የሚል፣ የሽቦ ጎተራ፤
የበግ ሳንባ ቁራጭ ከውስጡ ወረወርኩ፣
ከግንቡ ሥር ደብቄ፣ ጆሮዬን ውጭ ትቼ፣ ተኛሁ አልኩ።

ከጦሳ የወረደው ጉም አጥር ላይ ተኝቶ፣
አዛኑ አብቅቶ፣ ለደወሉ ትንሽ ቀርቶ፣
ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርስና ሽቦ ተጋጭቶ።

በባትሪ ሳየው
ድመት ናት። ያቺው ግራጫ፣ ማንም ስም ያላወጣላት፣
አንድ ጆሮዋ ቅድ፣ እስከ ሆጤ ድረስ ቦዩ ሁሉ ርስት የሆነላት፣
ወተት በሳህን ያልቀረበላት።
ከጥግ እስከ ጥግ ትወረወራለች፤ ሣጥኑ ይዘላል አብሮ፤
አፍንጫዋ ደም፤ ጅራቷ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ተነፍቶ፣ ተወጥሮ።
እኔ ሞኙ «አይዞሽ» ብዬ ጣቴን በሽቦው ልሰድ ስል፣
«ተው!» አለኝ ድምፅ፣ አጥር ተሻግሮ።

ሞሚና ናት። ሃያ ዓመት በእንስሳት ክሊኒክ የከተበች፣
ጡረታ ወጥታም ከአውራ ዶሮ ቀድማ የነቃች።
ክንዷን ገለጠች፤ አራት የነጡ ጉድጓዶች። «ይቺም ድመት ነበረች።»

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አሉ፤ ይቺ መች መነኮሰችና ነው እጅህን የምትሰጣት?
አመል አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ዓይን ለዓይን አትያት፣ ድምፅህን ቀንስላት፤
ብርድ ልብስ አምጣ፣ ወፍራም፤
ሊነጋ ነው፣ አንተ መልሰህ ማታ አድርግላት።»

የደብረ ብርሃኑን ከአልጋዬ ገፈፍኩ፤
ከወደ ኋላዋ መጥቼ፣ እንደ አራስ ቤት መስኮት ሸፈንኩ።
ማጉረምረሙ ቀነሰ፤ ሣጥኑ ዝም አለ፤
የማን እንደሆነ እንጃ፣
አንድ ልብ ብቻ ቀጠለ።

ሞሚና ጫፉን ገልጣ፣ አጎንብሳ አይታ፣
«ጡቷ ወተት ሞልቷል፤ ልጆች አሏት ይቺ፣ የሆነ ቦታ።»
እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት።
ሌባ ያዝኩ ብዬ፣ እናት አስሬ ነበር ከማታ።

ከሙሄ የብየዳ ጓንት ተዋስን፣
ሣጥኑን ከሰውነታችን አርቀን፣ ሳናናውጥ አነሳን፣
ውሻውን አስዘጋን፣ ልጆቹን ወደ ቤት መለስን፤
በሩን ወደ ቁልቋሉ አዙረን፣ እኛ ከኋላ ቆምን።
«አትጎትታት፤ ክፈትና ራቅ።
የመውጫው ሰዓት የሷ ነው፤ ያንተ ሥራ መጠበቅ።»

በዱላ ጫፍ በሩን ሽቅብ ያዝኩት።
ምንም።
ሞሚና ጥርሷን ትፍቃለች።
ክንዴ ዛለ።
ብርድ ልብሱን ከበሩ በኩል ጥቂት ገለጥ ሳደርግ
ግራጫ ድንጋይ ከወንጭፍ አመለጠ።
ቁልቋሉ ተነቃነቀ፤ ጉሙ ተከፈተ፣ ተዘጋ።
ዞራ አላየችኝም።
እውነቱን ልናገር፣
ጠብቄ ነበር።

ጓንቱን ሳወልቅ ጣቴ ላይ ጭረት፤ «ተው»ን ቀድማ ኖሯል።
ሞሚና አልሳቀችም። «ሳሙና፣ ወራጅ ውሃ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ፤
ከዚያ ጤና ጣቢያ፤ ነገ አይደለም። ለክትባት ይበቃል ይሄ ሁሉ።
የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ እንጂ፣ ውሻ ብቻ አይመርጥም» አለች።
ቧንቧው ሥር ቆሜ፣ በደሴ የጠዋት ውሃ ጣቴ ደንዝዞ፣ ቆጠርኩ።

ትናንት ማታ ሸለምጥማጡ መጣ፤ ቀይዋን ወሰደ።
ሚስቴ ጣሪያው ላይ የተገለበጠውን ሣጥን አየች፣ እኔን አየች፤
ከግንቡ ማዶ ቀጫጭን ድምፆች ይንጫጫሉ፤ ምንም አላለች።
መዶሻ ይዤ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ስደፍን ዋልኩ።
ያን ቀንም ሰኞ ገበያ፣ ከወጥመዱ ጎን፣ ምስማር ነበረ፤
አይቼ አለፍኩ።