ሠላሳ አንድ ግራም

ጥር ላይ አዳማ ነፋሱ ሲነሳ፣
ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ አቧራው ሲያገሳ፣
ሰፈሩ ተማሮ መስኮቱን ሲዘጋ፣
አንድ ሰው ይወጣል ገና ሳይነጋ።
ጣቱን በምራቁ አርሶ ያቆምና፣
«ከምሥራቅ ነው፣» ይላል፣ «ይበረታል ገና።»

ኮማንደር ዋቅጋሪ። የፍራንኮ ባጃጆች
(ነጂዎቹን ማለቴ ነው፣ የትናንት ልጆች)
«ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል!» ሲሉት ይስቃል፤
ሳንቲሙን ሳይቆጥር መልሱን ይለቃል።

እኔ ተማሪው ነበርኩ።
ከዩኒቨርሲቲው ጓሮ፣ ከአሮጌው መጋዘን፣
በገዛ እጁ የሠራው የነፋስ ዋሻ ነበረን፤
ግድግዳው የሻይ ሣጥን ጣውላ፣
ማናፈሻው ከእህል ወፍጮ፣
መስኮቱ ከፈረሰ ፎቶ ቤት የተነቀለ መስታወት።
ትንሿን ክንፍ በክር ሰቅሎ፣ ጢስ ለቆባት፣ ጎንበስ ብሎ፦
«ጥቂት ቀና ስትል አየር ይሸከምሃል፤
አብዝተህ ቀና ስትል ያን ጊዜ ይጥልሃል።
ይህን ፈተና ላይ አልጠይቃችሁም፤
ሌላ ቦታ ትጠየቃላችሁ።»

በሚዛኑ ጫፍ ላይ፣ ክሩ ሲወጠር፣
አንድ ክብ ነሐስ ነበር፤
ፊቱ መልህቅ፣ ጠርዙ የተፋቀ።
ሐዊ ናት የጠየቀች፤ ከእኛ ማን ደፍሮ ጠየቀ?
«ሽልማት አይደል ወይ፣ ኮማንደር? ሜዳይ?»
እሱ ዓይኑን ሳያነሳ ከቁጥሩ ላይ፦
«ሠላሳ ሦስት ነበር፤ ለሚዛኔ ከበደ፤
ሁለት ግራሙን ሞረድ ወሰደ።»

አንድ ቀን መብራት ሄደ። ማናፈሻው ቆመ።
ጢሱ መንገድ አጥቶ በዋሻው አዘገመ።
ያኔ ነገረን፣ ሳንጠይቀው።
ከዳህላክ ወዲህ፣ ሌሊት፣ ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ብሎ፣
ከታች አንዲት ጀልባ፣ መብራቷን ያጠፋች፤
ትእዛዝ በሬዲዮ፤ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ፤
ከዚያ ባሕሩ ቀን ሆነ።
ሲዞር፣ ውሃው ላይ አንድ ሰው፣
ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልባል።
እጅ መስጠቱ ይሁን፣ መሰናበቱ፣
ወይስ ሸሚዙን የያዘው ነፋሱ ነበር?
«እሱን፣» አለን፣ «እስከ ዛሬ አልለካሁትም።»
የነዳጁ መርፌ ቀዩ ላይ ነበር። ተመለሰ።
ረዳቱ ሌተና ይርዳው «ምንም አላየሁም» አለ፤
እስኪሞት ድረስ አላየም።
በሳምንቱ ደረቱ ላይ ሰኩለት።

ከዚያ አገሩ ወደቡን አጣ፣ እሱ ደመወዙን።
በአርባ ዓመቱ ደብተር ገዛ፤
ልጁ ሲምቦ ማባዛት ስታጠና፣ እሱ ካልኩለስ፣
በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ላጲስ።
አዋሽ ዳር ጥጥ ላይ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች ጠገነ፤
ኋላ መምህር ሆነ።

ከከተማው በላይ፣ ጋራው ጫፍ፣ ነጫጮቹ ክንፎች በተተከሉ ሰሞን
አንደኛው ይንቀጠቀጣል ተባለና ጠሩት፤
እኔ ዕቃ ያዥ ሆኜ ተከተልኩ።
ጆሮውን ምሰሶው ላይ ለጥፎ ቆየ፣ እንደ ሐኪም፤
ወይም በር ላይ እንደ ቆመ ሰው፣
ይከፈትለት አይከፈትለት እንደማያውቅ።
«የሦስተኛው ክንፍ ጠርዙ ተበልቷል፣» አለ።
ሲወጡ አዩት፤ ተበልቷል።
ስንወርድ ዞር ብሎ አየውና፣
«ዕድሜ ልኬን የፈለግሁት ይኸን ነው፤
ክንፍ፣ ግን መሄጃ የሌለው።
ማንም ላይ የማይደርስ።»

አምና ዲጂታል ሚዛን መጣ። አሮጌው ዕቃ ቤት ገባ።
ንብረት ክፍል መዘገበ፦ «ክብ ብረት፣ ያገለገለ፣ ብዛት አንድ።»
«ላስመልስልዎት?» ብለው፣
«ተመዝግቧል፣» አለኝ፣ «ይበቃዋል።»

ማታ ማታ ነዳጅ ማደያው ጋ ይቆማል፤
ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢዎች ጎማ ሲያስነፉ
ሹፌሮቹን ይጠይቃል፦
«ዛሬ ባሕሩ ላይ ነፋሱ ከየት ነበር?»
«እኔ ምን አውቄ፣ አባት፤ እኔ ያየሁት ጉምሩክ።»
ደብተሩን ያወጣል። ቀኑን ይጽፋል። ሰዓቱን ይጽፋል።
ከነፋሱ አምድ ሥር፦
«አልታወቀም።»