አርባ ሣጥን

ሌሊት መዶሻዬን የሰማ ጎረቤት
ነጠላ አዘቅዝቆ መጣ እኔ ቤት።
«ማን ሞተ?» ብሎ አየ፣ ከግድግዳው ጥግ
ገና ሳንቃው ሲላግ፣ ክዳን ሲደረግ።
«አርባ ነው» አልሁት። ክው አለ ፊቱ።
«የማን አርባ?» አለኝ፣ «መች ነበር ሞቱ?»

«ሰው አይደለም ጀምበሬ፤ ዕቃ ነው የሚሄድ፣
ባሕር የሚሻገር፣ ሊታይ በባዕድ።
ገበያ ነው አሉ ሻጭ የሌለበት፤
ዓለም ቲኬት ቆርጦ እኛን የሚያይበት።»
ነጠላውን መልሶ፣ ሣቅ እንኳን ሳይል፣
«ታዲያ መች ተሳሳትሁ?» ብሎ ሄደ ቁልቁል።

ከፋሲል ግቢ በር፣ ካጥሩ ሥር ጥላ፣
ያገር ዕቃ ሁሉ ተቆልሎ ሞላ።
የጣልያኑ ሹም፣ እግሩን አነባብሮ፣
ይጽፋል በተራ፣ ቁጥር በቁጥር አስሮ፦

ከበሮ፣ አንድ። ጽናጽል፣ ስድስት።
የብራና ድጓ፣ ግማሹ የጎደለ፣ አንድ።
ኮርቻ ከነግላሱ። የቀንድ ዋንጫ። ምሳር።

አስተርጓሚው ፍስሐ፣ ካስመራ የመጣ፣
ለጽናጽል የሚሆን ቃል ፈልጎ ቢያጣ፣
ትንሽ አሰበና «ብረት» አለ፣ አበቃ።
ድምፁ ውጪ ቀረ፤ ሣጥን ገባ ዕቃ።

መዝገቡ ዓምድ አለው፤ ቁጥር፣ ክብደት፣ ዋጋ፤
«የሠሪውስ ስም?» አልሁ ወደሱ ስጠጋ።
ፍስሐ አልተረጎመም። ቀና ብሎ አየኝ፤
ባይኑ ነው «ተው» ያለኝ።

ጠሩነሽ ከወለቃ ጋን ጭና ባህያ
ፀሐይ ሳትበረታ ደረሰች ከዚያ።
ሹሙ ሜትር ዘርግቶ ሁለቱን ለካና፣
«አሳንሳ ትሥራው፤ ትምጣ እንደገና።»
ጭቃ በያዘ ጣቷ አፏን ሸፍና ሳቀች።
«ካነሰማ ማሰሮ ነው፤
ጋን ብላችሁ ምን ልታሳዩ ነው?» አለች።

ሣጥኑን አፈረስሁ፤ ሌላ ሳንቃ መታሁ፤
ጋኑን ገለባ ውስጥ እንደ ሕፃን አስተኛሁ።
ቂጡ ክብ ነውና አልረጋ ብሎ ዘመመ፤
ከቀሃ ያመጣሁት ጠጠር ደገፈው፣ ቆመ።
ሹሙ አጎንብሶ አየ። «ይህስ?» ብሎ ጠየቀ።
እኔ የነገርሁትን ፍስሐ ምን ብሎ እንደነገረው እንጃ፤
ብቻ ብዕሩን ነከረ፦
ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት። ድንጋይ። አንድ።

ካዲስ ዓለም ደግሞ ሰይድኑርን ጠሩ፤
ሸማው አልነበረም፣ እሱ ነው በዝርዝሩ።
እዚያ ማዶ ጎጆ ከሣር ይሠራለታል፤
እግር መስደጃ ጉድጓድ ይቆፈርለታል።
«ስሸምን የምውለው ለማን ነው?» ቢላቸው፣
«ለማንም፤ ስትሠራ ይዩህ» ነው መልሳቸው።
ደረቱን ለኩት። ራሱን ለኩት፣ ጆሮውን።
ጥርሱን አዩት፣ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው።

ማታ እኔ ዘንድ መጣ። አልተቀመጠም።
አንዱን ሣጥን በስንዝር ሰፍሮ ሰፍሮ
«የኔ የትኛው ነው?» አለኝ።
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።
ጠዋት መሸመኛው የለም፤ ጉድጓዱም ባዶ፤
ሌሊቱን ሄዷል አሉ ወደ ቋራ ማዶ።
ሹሙ ቁጥሩን ሠረዘ፤
የሠረዘበት ቀለም ግን ቶሎ አልደረቀም።

ከዚያ ጦርነት ሆነ፤ መርከቡም ቀረ፤
አርባው ሣጥን አዘዞ መጋዘን አደረ።
ክረምት ጠገበበት፤ ምስጥም ተካፈለው፤
የተረፈውን ሳንቃ ያገር ሰው ወሰደው።
ያንዱ ቀፎ ሆኗል፣ ያንዱ የበር መዝጊያ፤
ጠሩነሽ ጋኗን ጭና ተመለሰች ባህያ፣
ጠጠሩን ከነቁጥሩ።
(«ተመዝግቦ የለ» አለች፣ «ምን በወጣው ይቀራል?»)

ጀምበሬም ሲሞት፣ ሌላ እንጨት ጠፍቶ፣
የኔው ሳንቃ መጣ፣ ዝናብ አወይቦት፤
በጎኑ በቀይ ቀለም የባዕድ ፊደል አለበት።
ድሮ ፍስሐ ነግሮኝ ነበር የሚለውን፦
«ተሰባሪ ነው። በዝግታ አውርዱት።»
መቃብሩ አፍ ላይ ቆመን፣ ገመዱን ይዘን፣
ለሰዎቹ አነበብሁላቸው፤
በዝግታ አወረድነው።