ሁለት በር ያለው ድንጋይ

ስድስት ሳምንት ሞላኝ ገላዬን ስታጠብ ከሄድቪጋ ቤት ሄጄ፣
ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ፣ ሳሙናዬን በእጄ።
የኔን መታጠቢያ ገንዳ እንግዳ ተኝቶበታል፤
ባሌ የወለደው ድንጋይ ውሃ ይጠጣበታል።

"ድንጋይ አትበዪው" ይለኛል አሎይዚ፣ "ገና ነው፣ አልበሰለም።"
ሠላሳ አንድ ዓመት ከዛብዤ ሥር ወርዶ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ፣
ጡረታ ወጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ አላረፈም፤
ጭራሽ ድንጋይ መሥራት ጀመረ!

ፍሪጃችን የታሸገበትን ነጭ ፎም ከጣራ ሥር አወረደ፤
በዳቦ ቢላዬ ሸረፈ፣ ሸነቆረ፣ ቀደደ።
ፍርፋሪው ሾርባ ውስጥ ገባ፣ ፀጉሬ ላይ በረዶ ሆነ፤
ጠርዙን በሻማ ሲለበልበው ቤቱ በጢስ ታፈነ።
ከዚያ ሲሚንቶ፤ እንደ አጥሚት አቅጥኖ በጠበጠ፣
በብሩሽ አንድ ልባስ ቀባ፣ አሳደረ፣ ሁለተኛ ደገመ፣
ሦስተኛው ላይ ጥቁር ዱቄት ጣል አደረገ፤
አራተኛው ላይ ሳል ያዘው።
የማዕድን ሰው ሳል ነው፤
ሲጀምር ይታወቃል እንጂ ሲያበቃ አይታወቅም።

ከዚያ ወደ ገንዳዬ! ኖራው ይልቀቅ ተብሎ፤ ኖራ ለዓሣ መርዝ ነው።
ገና ሲነከር ተንሳፈፈ፤ ፎም አይደል ልቡ?
አሎይዚ የሚንሳፈፍ ድንጋይ አይቶ አያውቅም፤ ሳቀ፣ ሳለ፣ ሳቀ፣
የጎመን በርሜሌን መጫኛ አምጥቶ
ድንጋይ በድንጋይ ላይ ጫነ።
በየሁለት ቀኑ ውሃውን ይደፋል፣ ይሞላል፣
ብልቃጥ ይዞ ጠብታ ያንጠባጥባል፤
ሰማያዊ ከሆነ "አይ፣ ይቆይ" ይላል።
እኔም በልቤ፦ ልጆቻችንን እንኳ እንዲህ አላጠብካቸውም።

አንድ ማታ ጠየቅኩት።
ለዚህ ዋሻ በዚህም በር፣ በዚያም በር ምን አደረገለት?
አውራ ጣት ለማታህል ዓሣ አንድ ቀዳዳ አይበቃትም?
ብልቃጡን አስቀመጠ።
"አንድ በር ያለው ዋሻ" አለ፣ "ዋሻ አይደለም።"
እኔም ዝም አልኩ። የወንድሙን የኤርቪንን ስም
እቤታችን የምናነሳው ኅዳር ሲገባ ብቻ ነው፣
ባዶውን መቃብር ሻማ ስናበራለት።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ጠብታው አረንጓዴ ሆነ።
ድንጋዩ እንደ ሙሽራ ታቅፎ ሳሎን ገባ፣
ከመስታወቱ ወለል ጋር ተጣበቀ።
ዓሦቹ ዞር ብለውም አላዩት፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት።
በአምስተኛው ግን ቢጫዋ፣
እንቁላሏን በአፏ ይዛ ጉንጯ ያበጠው፣ እህል የተወችው፣
በዚህኛው በር ገባች።
አሎይዚ ትንፋሹን ያዘ፤ ያችን ያለችውን ጥቂት ትንፋሽ።
እኔም ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።
"ወጣች" አለ።
የነገረው ግን ለኔ አልነበረም።

ገንዳዬን ፈተግኩ፣ ደግሜ ፈተግኩ፤
ዙሪያውን አንዲት ግራጫ መስመር አልለቅ አለች። ትቅር።
ሙቁን ውሃ እስከ መስመሯ ሞልቼ ገባሁበት፣
በሩን ገርበብ አድርጌ።